የተከለሉ ተራሮች ዜና መዋዕል፤ ከራያ ቆላ እስከ ስሜን

ይህ የተራሮች ዜና ነው፤ ማን እንደ ከለላቸው፣ ማን እንደ ጠበቃቸው፣ በማን ዘመን እንደ ተራቆቱ የሚናገር። ነገራችንንም ከራያ ቆላ እንጀምራለን።

የቆቦን ሜዳ በምዕራብ የግዳን ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዘውታል፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር ምድር ነው። ጎሊናና ሆርማት ከደጋው ወርደው ሜዳውን ያጠጡታል። የቆላው ገበሬ የሰማዩን ዝናብ ብቻ አይጠብቅም፤ ደራሹን ውሃ በግራር ቅርንጫፍና በአፈር ጠልፎ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ይመራዋል። ተራራው ለብሶ ሳለ ጎርፉ ለም ደለል ያመጣለታል፤ ተራራው የተራቆተ እንደ ሆነ ግን ድንጋይና ጠጠር ተሸክሞ ይወርድና ማሳውን ይቀብርበታል። ስለዚህ የተራራ ነገር ለራያ ሰው የእንጀራ ነገር ነው።

በቀድሞው ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻን ደን አስተከሉ ይባላል። ሕዝቡም በየደብሩ ዙሪያ ጽድና ወይራ እየጠበቀ ኖረ።

ከዚህም በኋላ፣ ዛሬ 400 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር በቀሮ ሥርዐት ያዙ። ርስተኞቹ ከመካከላቸው አለቃ መረጡ፤ አለቃውም ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግቶ ያቆየዋል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይታጨዳል። ሳይፈቀድለት የገባ ይቀጣል። ዘቡም ዳኛውም ሣሩን የሚያጭደው ሕዝብ ራሱ ነበረ።

በ1936 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ አወጡ። በ1955 ዓ.ም. ገደማ የዩኔስኮ ልዑካን በሰር ጁሊያን ሃክስሊ መሪነት መጥተው አገሩን ተመለከቱ፤ ፓርኮችም እንዲቋቋሙ መከሩ። በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ጸና። ዋሊያ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ መኖሪያ የለውም። ነገር ግን በተከለለው ምድር ውስጥ ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ሕዝብ ነበረ፤ ድንበሩ ሲሰመር የርሱ ምክር አልተጠየቀም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ። የራያና የቆቦ ሰው ከብቱን ጨርሶ ወደ አስመራው መንገድ ወጣ። ከዚያም መንግሥት ተለወጠ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። የጓሳም የቀሮ ሥርዐት ከርስቱ ጋር ፈረሰ፤ ሣሩም ጠባቂ አጣ።

በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ስሜንና የላስታው ላሊበላ በአንድ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ1977 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ግን ረኃብ እንደ ገና ወሎን መታ፤ ከቆቦ ሜዳ በላይ፣ በኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ መከራ ዓለም ሁሉ አየ። በዚያም ዘመን በእህል ክፍያ በወሎ ኮረብቶች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ብዙ ተራራ ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከለለ። ሥራው ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን ዛፉ የማን እንደ ሆነ ለገበሬው የነገረው አልነበረም።

በዘመነ ሉቃስ፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የተከለለውን ደን በብዙ ቦታ ቆረጠው፤ ከብቱንም ወደ ክልሉ አስገባ። በፓርኮችም የዘበኞች ሰፈር ፈረሰ፣ ዕቃውም ተዘረፈ። የዋሊያም ቁጥር ስለ ተመናመነ በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ከዚህም በኋላ ሌላ ምክር ተጀመረ። የመንዝ ሰዎች በየቀበሌያቸው ተሰብስበው ጓሳን እንደ ቀድሞው የሚዘጋና የሚከፍት ጉባኤ አቋቋሙ፤ ጠባቂዎቹም የአገሩ ልጆች ሆኑ። በሰሜን ወሎም፣ በላስታ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚነሣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። በዚያ በጅብራና በጓሳ ሣር መካከል ጭላዳ ይሰማራል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል፤ በኢትዮጵያ ምድር ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ተደምረው 500 አይሞሉም። በመቄትም መንደርተኛው ለእንግዳ ጎጆ ሠራ፤ ምግቡን አብስሎ፣ መንገዱን መርቶ፣ አህያውን ጭኖ ከተራራው ገቢ አገኘ።

በስሜንም በሰኔ 2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ፤ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የፓርኩ ጓሳ ሣርና አስታ በእሳት ተያያዘ። ሔሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፤ ነገር ግን ከእነርሱ በፊት በገደሉ ላይ ቅጠል ይዞ እሳቱን የመታው የአካባቢው ሰው ነበረ።

ከዚህ ሁሉ ዘመን የምንፈርደው ይህን ነው። በአዋጅ ብቻ የተከለለ ተራራ ያወጀው መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ጓሳም ተጎድቶ ነበር፤ የመንዝ ሰዎች ግን ሥርዐቱን ስለሚያውቁት መልሰው አቆሙት።

ራያ ቆላ ብሔራዊ ፓርክ የለውም፤ ዞብል ግን አለው። ደም ያፈሰሱትን ወገኖች የሚያስታርቀው የዘወልድ ሽማግሌም አለው። የሽማግሌውን ቃል ነፍጥ የያዘው ካከበረው፣ ምሳር የያዘው ለምን አያከብረውም? እንግዲህ የቆቦና የዞብል ሽማግሌዎች፣ ከአፋር ወንድሞቻችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የትኛው ገመገም ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ፣ ሣሩን ማን በየትኛው ወር እንደሚያጭድ፣ ጥሰት የፈጸመው ምን እንደሚከፍል ወስኑ። የወረዳው ሹማምንትም ሽማግሌዎች የወሰኑትን በማኅተም አጽኑላቸው፤ ጥቅሙንም ለመንደሩ ተዉለት። ማሳችሁን ከጠጠር የሚያድነው ይህ ነው።