የክፉ ቀን ትምህርት፦ በሬውና ዛፉ የማን ናቸው?

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታቱ ዘመቻ ብዙ ገጽ ይይዛል፤ የገበሬው በሬና የመንደሩ ዛፍ ግን እምብዛም አይነሡም። እኛ የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ ከእነዚህ መጀመር ይገባል እንላለን።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ማስረጃችን ነው። ለኢጣሊያ ጦር ስንቅ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ተነሥቶ እንደተዛመተ የሚነገርለት ደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጀ። የጠፋው ወተትና ሥጋ ብቻ አልነበረም፤ የሚያርስ በሬ ታጣ። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር አርአያ ለመሆን ሞከሩ። ነገር ግን ዶማ በሬን አይተካም። ገባሩ ግብርና የወታደር ቀለብ የሚሸከምበት ሥርዓትም በመሠረቱ አልተለወጠም። ስለሆነም ከብቱን በሽታው ቢገድለውም፣ ሕዝቡን በገፍ የጨረሰው የተፈጥሮና የሥርዓቱ ጥምረት ነው።

የዛፉ ታሪክም ከበሬው አይለይም። ደን በተመናመነበት ደጋ ገበሬው ማገዶ ሲያጣ ኩበት ያነዳል፤ ማሳውን ማዳበር የሚገባው ፍግ በምድጃ ያልቃል። መሬቱ ሲደክም ምርት ይቀንሳል። አዲስ እርሻ ፍለጋ የቀረው ደን ይመነጠራል፤ ግጦሽ ይጠባል፤ በሬውም ይከሳል።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ይህ ታላቅ ድል ነበር። ትላልቅ ደኖች ግን በመንግሥት እጅ ገቡ። ገበሬው በእህል እየተከፈለው በየተራራው ችግኝ ተከለ፤ ስለ ዛፉ ዕጣ ግን አልተጠየቀም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በብዙ ሥፍራ ያው የተተከለው ዛፍ ተቆረጠ። ይህን ድንቁርና ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ሕዝብ የኔ ያላለውን አይጠብቅም።

ተቃራኒውም ታይቷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በአዳባና በዶዶላ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው፣ በመጠን ከብት እያሰማሩና እንጨት እየተጠቀሙ ደኑን መጠበቅ ጀመሩ። ከብትና ደን ጠላቶች አለመሆናቸውን ያሳዩት ከሁለቱም የሚኖሩት ራሳቸው ናቸው።

ደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ሳይንስ በክትባቱ ድርሻውን ተወጥቷል። የግጦሹና የደኑ አዛዥ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን በክትባት አይፈታም፤ የሚፈታው የተደራጀ ገበሬና አርብቶ አደር በገዛ ሀብቱ ሲወስን ብቻ ነው።