ከራስ መኮንን ሽቦ እስከ ነደባው ላይ ስልክ

በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ከሐረር ነው። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ሆጃ እንድንጠጣ ተጠርተን ገባን። የቤቱ እናት ነደባው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ፔርሙሱ ላይ አስደግፈው ቶሮንቶ ካለች ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ ልጅቷ ቁርስ እየሠራች ነው። እናት ከሐረር ሆነው "እሳቱን ቀንሺው፣ እያረረ ነው!" ይሏታል። እኛ ሆጃችንን ጨርሰን ልንነሳ ስንል ወሬው ገና መሐሉ ላይ ነበር።

"እማማ፣ ይሄ እኮ አንድ ጊዜ ወንጀል ነበር" አልናቸው።

"ምኑ?"

"በኢንተርኔት ስልክ ማውራት።"

ሳቁብን። "ከልጄ ጋር ማውራት ነው ወንጀሉ?" ብለው ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

እኛ ግን ጥያቄያቸውን ይዘነው ወጣን። ምክንያቱም ሐረር ማለት ተራ ከተማ አይደለችም፤ የረጅም ርቀት ስልክ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከተዘረጋባቸው ሁለት ጫፎች አንዱ እሷ ናት። እና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥያቄው አንድ ነው፦ ድምፃችን የሚሄድበት ሽቦ የማን ነው? (ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው፤ እንዳትምታቱ።)

የንጉሥ ስልክ

አጼ ምኒልክ፣ ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ሐረርን የያዙት በ1879 ነው። ከተማዋን እንዲገዙ የተሾሙት የአክስታቸው ልጅ መኮንን በ1881 በንጉሡ ስም ወደ ጣልያን ተላኩ። ስልክ የሚባለውን ነገር ወደ አገራችን ያመጡት ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ እሳቸው ናቸው ይባላል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲተከል አካል የሌለው ድምፅ የሰሙ ካህናት "ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው መቆጣታቸውን ደግሞ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ያነሱታል። ምኒልክ ግን እንደምታውቁት አዲስ ዕቃ ሲያዩ አይችሉም፤ አልተመለሱም።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ፣ ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ተዘረጋ። ለምን ሐረር? መልሱ ንግድ ነው። ቡናው፣ ቆዳው፣ ጠመንጃውና ደብዳቤው ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና የሚወጣው በዚህ በር ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ወሬ ከሐረር ወደ ባሕር ማዶ የሚደርሰው በግመል ነበር። ከ1873 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሐረር እየመጣ እየሄደ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለእናቱና ለእህቱ ይጽፍ የነበረው ደብዳቤ በቅፍለት ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ይጓዝ ነበር። መልሱ እስኪመጣ ስንት ነገር ይለወጣል! እናትና ልጅን የሚለየው ርቀት እንግዲህ በሐረር ታሪክ ውስጥ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሽቦው ሲመጣ ግን የመጣው ለእናትና ለልጅ አልነበረም። ለቤተ መንግሥቱ፣ ለገዥውና ለጉምሩኩ ነው የመጣው። ፈረስ መጋላ ላይ ቡና የሚሸጠው ሰው በራሱ ላይ ሽቦው ሲያልፍ ያያል እንጂ በውስጡ ምን እንደሚባል አይሰማም። በ1895 ባቡሩ ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ ንግዱም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ሐረር የመጀመሪያውን ሽቦ ይዛ ቀረች።

የጎረቤት ስልክ

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ እንለፈው። ጣልያን መጣ፣ ሄደ። በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስልክ ቀስ በቀስ ወደ ሱቅና ወደ ሻል ወዳለው ቤት ገባ። ለአብዛኛው ሰው ግን ስልክ ማለት የጎረቤት ስልክ ነበር።

በዚሁ ዘመን ሐረሪው ተበተነ። ከ1940ው የቁሉብ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙዎች ጀጎልን ለቀው አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ገቡ፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ባሕር ተሻገሩ። ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተን፣ ሜልበርን። አሁን እስቲ አስቡት፤ ልጅ ካናዳ ነው፣ እናት ጀጎል ውስጥ ናት፣ ስልኩ ያለው ሦስተኛው ቤት ነው። ልጅ ደውሎ "በሃያ ደቂቃ እንደገና እደውላለሁ፣ እናቴን ጥሩልኝ" ይላል። አንድ ሕፃን በጠባቡ መንገድ እየሮጠ ይላካል። እናት ነጠላዋን እያጣፋች ትመጣለች። ከዚያ አራት ደቂቃ ወሬ፤ ከአራቱ ሁለቱ "ይሰማል? ይሰማል?" ነው። ከእኛ መሐል ያ የተላከው ሕፃን የነበረ አለ፤ የሚሰጠው ከረሜላ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ኢንተርኔት በስልክ፣ ስልክ በኢንተርኔት

በ1987 አንድ የእስራኤል ኩባንያ ድምፅን በኢንተርኔት የሚያሳልፍ ሶፍትዌር ለገበያ አወጣ። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1989 ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በተቋቋመበት በዚያው ዓመት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤቶች ሲከፈቱ እኛም ማዳመጫ ጆሮአችን ላይ አድርገን ወረፋ ያዝን።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? በመደበኛ ስልክ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእነሱ ብቻ ነው፤ ዝም ቢሉም ይከፍላሉ። በኢንተርኔት ሲሆን ግን ድምፁ ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ በትናንሽ እሽግ ይላክና እዚያ ጫፍ ላይ እንደገና ይገጣጠማል። አንዳንዱ እሽግ መንገድ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው ያኔ የዘመዶቻችን ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል የነበረው። ቤቱ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ሞደሙን "ክርርር ጭይይይ" አስብሎ ይገናኛል። ኢንተርኔቱ በስልክ ይመጣል፣ ስልኩ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ እባብ ጅራቱን እንደ መንከስ ማለት ነው።

ሕጉ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 49/1989ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ወይም የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ልብ በሉ፤ መስጠት ብቻ ሳይሆን መጠቀምም! ከዚያ ወዲያ ማዳመጫ አድርጎ ከእህቱ ጋር የሚያወራ ልጅ በወረቀት ላይ ሕግ ተላላፊ ሆነ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥም ባለቤቱ ከኋላ መጥቶ "ድምፅ ቀንሱ!" ማለት ጀመረ። እኛም በሹክሹክታ "ኢድ ሙባረክ" ማለትን ተማርን።

ፋክሱ ምን አጠፋ?

ፋክስን ለማያውቁት ታናናሾቻችን እንንገር፤ ወረቀት አስገብተህ በስልክ መስመር ሌላ አገር ቅጂው የሚወጣበት ማሽን ነው። ያኔ ነጋዴው የቡና ውሉን፣ ዘመድ ልትወስደው ያሰበችው ልጅ የልደት ካርዷን፣ ሌላው የስፖንሰር ወረቀቱን የሚልከው በፋክስ ነበር። ክፍያው እንደ ውጭ አገር ጥሪ በደቂቃ ነው። ገጹ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ከፍሎ መላክ ነው።

ፋክስ ወረቀቱን ወደ ጩኸት ይቀይረዋል፤ እዚያ ያለው ማሽን ጩኸቱን ሰምቶ ወረቀቱን መልሶ ይሠራል። የኢንተርኔት ስልክ ደግሞ የሚጨምቀው የሰው ድምፅ ታስቦ ነው። የሰው ጆሮ አንድ ፊደል ቢጎድልበት ከአረፍተ ነገሩ ይሞላዋል፤ ፋክስ ማሽን ግን መሙላት አያውቅም፤ ገጹን ይጥለዋል። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችን ቤታቸው የኢንተርኔት ስልክ ሳጥን አስገብተው ፋክሱ ሲያስቸግራቸው የነበረው ለዚህ ነው። በ1990 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣው ቲ.38 የሚባለው ደንብ መፍትሔ አመጣ፦ ጩኸቱን እንደ ድምፅ ከመላክ ይልቅ ገጹን አውጥቶ እንደ መረጃ መላክ። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ይህንን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሞክር፣ እኛ ጋ ሙከራው ራሱ ክልክል ነበር። ለነገሩ ሰው ብዙም አልተጨነቀም። ወረቀቱን ስካን አድርጎ በኢሜይል ላከው። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረም!

ገንዘቡን እንይ

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የመንግሥትንም ወገን እንስማ። ከአሜሪካ ወደ ሐረር አንድ ሰው ሲደውል የአሜሪካው ኩባንያ ለእኛው ኮርፖሬሽን በደቂቃ የሚከፍለው ነበር፤ በዶላር። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ1989 ኩባንያዎቹ ከዚህ በላይ እንዳይከፍሉ ብሎ ለድሃ አገሮች ያስቀመጠው ጣሪያ በደቂቃ 23 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የውጭ ምንዛሪ ለሚያጥራት አገር ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ ጥሪውን በኢንተርኔት አምጥተው እዚህ በአገር ውስጥ መስመር የሚያስተላልፉ ድብቅ ነጋዴዎች በእርግጥ ነበሩ። ከካናዳ ተደውሎላችሁ ስልካችሁ ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር ወጥቶ "ማን ይሆን?" ካላችሁ፣ ጥሪው የመጣው በእነሱ በኩል ነበር።

ስለዚህ ሕግ አያስፈልግም አንልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የደቂቃ ሌባውንና ልጇን የምታናግረውን እናት አንድ አንቀጽ ውስጥ ማስገባት ለምን አስፈለገ?

በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ነገሩን አከበደው። በኢንተርኔት የስልክ ወይም የፋክስ አገልግሎት የሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ተጠቃሚው ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ተደነገገበት። ረቂቁ እንደተሰማ "ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች" ተብሎ በዓለም ተወራ፤ ባለሥልጣናቱ ግን የግል ተጠቃሚን አይመለከትም ብለው አስተባበሉ። ቃሉን ላነበበ ሰው ማስተባበያው ልብ የሚያሳርፍ አልነበረም። ሰውም እንደ ልማዱ ሕጉን ሳይቃወም፣ ሕጉንም ሳይጠብቅ፣ ወሬውን ቀጠለ። ኢንተርኔቱ በሞባይል መጣ፤ ቫይበር፣ ዋትስአፕና ኢሞ ጀጎል ገቡ።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፣ ገበያውን ከፈተ፣ የ1989ኙን አዋጅ ከነማሻሻያው ሻረ። የ1994ቱ ክልከላ እንዲህ ያለ ለቅሶ ተቀበረ። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ሲጀምር ደግሞ ቀድሞ ያበራው በ2014 መጨረሻ በድሬዳዋ ነው፤ ሐረርም ከአዲስ አበባ ቀድማ ደረሳት። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም ምሥራቁ መጀመሪያ!

ማብሪያና ማጥፊያው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ግን፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በተሰማ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለሳምንታትም ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ሰሞን ሁከት ሐረርም ደርሶ የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። ዓርብ ያስተናገዱን እናት ያንን ጊዜ በደንብ ያስታውሱታል። ልጃቸው ቶሮንቶ ሆና የከተማዋን ወሬ ትሰማለች፤ የእናቷን ድምፅ ግን አታገኝም። በስንት ሙከራ በመደበኛው ስልክ ገባችላቸው። "አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። ሦስቴ አልኳት" አሉን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦበት ቤተሰብ ከቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ሳይሰማማ ቆየ፤ አማራ ክልልም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋበት።

እኛ ከዚህ ሁሉ የተማርነው ይህንን ነው። የ1994ቱ ክልከላ ተሽሯል፤ ሽቦው ግን ዛሬም ማብሪያና ማጥፊያ አለው፣ ጣቱም የእኛ አይደለም። መጀመሪያ ሽቦው የቤተ መንግሥት ነበር፣ ቀጥሎ የኮርፖሬሽኑ ገቢ ሆነ፣ ቀጥሎ የጸጥታ ጉዳይ ሆነ። የእናት መሆኑን አንድም ጊዜ አዋጅ አልነገረንም፤ የእናት ያደረጉት እናቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ስካይፕ ራሱ ሚያዝያ 2017 ተዘግቶ ታሪክ ሆኗል። ሸዋል ኢድ ደግሞ በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቦ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል። በሸዋል ኢድ ሌሊት ጀጎል ውስጥ ብትቆሙ፣ ከከበሮው መሐል ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ለባሕር ማዶ የሚያሳይ ሰው በየማዕዘኑ ታያላችሁ። ማንም አይንሾካሾክም።

እማማ "ከልጄ ጋር ማውራት ነው ወንጀሉ?" ብለው ለጠየቁን መልሱ እነሆ፦ አዎ እማማ፣ ነበር። እርስዎ ግን አልሰሙም ነበር፤ ወሬ ላይ ነበሩ።