የሥራ አጥነት መድን፦ ለባለ ሱቁስ ይከፈላል?

አንኢምፕሎይመንት ኢንሹራንስ፦ የሥራ አጥነት መድን። በአሜሪካ ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተሰናበተ ተቀጣሪ፣ ሌላ ሥራ እየፈለገ ሳለ በየሳምንቱ የሚያገኘው ክፍያ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ጣሪያው 26 ሳምንት ነው።

በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአጭሩ «አንኢምፕሎይመንት» ይሉታል። «ድጎማ» ከማለት «መድን» ማለት ይሻላል፤ አሠሪዎች አስቀድመው ግብር የሚከፍሉበት ነውና። ከእኛ አገሩ የሥራ ስንብት ክፍያም ይለያል፤ ያንን አሠሪው ከራሱ ኪስ ይከፍላል፣ ይህን ግን ግዛቱ ከሚያስተዳድረው ፈንድ ይከፍላል።

ሥርዓቱን አገር አቀፍ ያደረገው የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። አሠሪው ለፌዴራል መንግሥት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ በመጀመሪያው 7,000 ዶላር ላይ 6 በመቶ ይታሰብበታል፤ የግዛቱን ግብር በወቅቱ ከከፈለ ከ6 በመቶው ላይ እስከ 5.4ቱ ይቀነስለታል።

እንግዲህ መድኑ የሚከተለው ደመወዝን ነው። በግል ስሙ የሚነግድ ባለ ሱቅ ወይም ሸሪክ የሚወስደው ትርፍ እንጂ ደመወዝ ስላልሆነ ግብሩ በእሱ ላይ አይታሰብም። ስለዚህ ለሠራተኞቹ ለዓመታት ቢከፍልም፣ ሱቁ ሲዘጋ ለራሱ በመደበኛው ሕግ የሚያገኘው የለም። አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ኤልኤልሲም (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

ድርጅቱን ኮርፖሬሽን አድርጎ ለራሱ ደመወዝ የቆረጠና ግብሩን የከፈለ ባለቤት ግን ሊጠይቅ ይችላል። ቢሆንም ግዛቱ ሥራው በእርግጥ መቆሙን ያጣራል። እንደ ዋሽንግተን ባሉ ግዛቶች ደግሞ የኮርፖሬሽን ኃላፊዎች ድርጅቱ ፈልጎ ካላስገባቸው በስተቀር በመድኑ አይሸፈኑም።

ለግል ነጋዴ በሩ የሚከፈተው በልዩ ሁኔታ ነው። በኮሮና ወቅት በመጋቢት 2020 የወጣው ሕግ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩትንም አካትቶ ነበር፤ በመስከረም 2021 አብቅቷል። ፕሬዚዳንቱ ከባድ አደጋ ባወጁበት አካባቢ ሥራቸው የተቋረጠባቸውም ለአደጋ ጊዜ በተመደበው የሥራ አጥነት ክፍያ ሊሸፈኑ ይችላሉ።

ተቀጥሮ እየሠራ ጎን ለጎን የሚነግድ ሰው ከቅጥር ሥራው ቢሰናበት ማመልከት ይችላል፤ ከንግዱ የሚያገኘውን ግን በየሳምንቱ ማሳወቅ አለበት። የደበቀ የወሰደውን ከነቅጣቱ ይመልሳል።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ሱቁን ከመዝጋታችሁ በፊት በስማችሁ የደመወዝ ሪፖርትና ደብሊው-ቱ (የዓመት ደመወዝ ማስረጃ ቅጽ) መኖሩን የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ። ማመልከቻው በነፃ ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው።