ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፦ ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ላጨሱ ወላጆች ልጆቻቸው «ይህኛው ይሻላል» ብለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲያመጡላቸው ይታያል። ይሻላል ወይስ አይሻልም? መልሱ እንደ ሰዉ ይለያያል።

ምንድን ነው?
በዕብራይስጥ «ሲጋርያ ኤሌክትሮኒት» ይባላል። በ2003 ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ የዛሬውን ዓይነት ሠራ። ባትሪው ትንሽ ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ይለውጣል። በፈሳሹ ውስጥ ማጣፈጫ፣ ብዙውን ጊዜም ኒኮቲን አለ። ትምባሆ ስለማይቃጠል ከሲጋራ ጭስ ያነሰ መርዝ ይወጣል፤ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ የማያጨስ ሰው ጨርሶ ሊጀምረው አይገባም። የሚያጨስ ሰውም የሚጠቀመው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ከተወ ነው። ጠዋት ይህን፣ ማታ ያንን የሚል ሰው ሳንባውን አላሳረፈም።

ሱቅ ሲገቡ
ከ2020 ጀምሮ ተራ ሱቆች የትምባሆና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዕቃዎችን በግልጽ እንዳይደረድሩ ሕግ ይከለክላል። ሐዳርም ሆነ ነቬ ዳቪድ ቢሄዱ ሻጩ ከመሳቢያ አውጥቶ ነው የሚያሳይዎት። በሻጩ ቃል ብቻ አይመኑ፤ እነዚህን ይመልከቱ፦

1. የኒኮቲን መጠን። በእስራኤል የተፈቀደው ከፍተኛው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። 2 በመቶ ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው።
2. ዓይነቱ። አንዳንዱ ሲያልቅ የሚጣል ነው፤ ሌላው ባትሪው እየተሞላ ፈሳሹ ይቀየርለታል። «አይኮስ» ግን ትምባሆ የሚያግል ዕቃ ስለሆነ ከዚህ ይለያል።
3. ባትሪው። በራሱ ገመድ ብቻ ይሙሉት፤ ተኝተው ሳሉ ሲሞላ አይተዉት።

ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ
ኒኮቲን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ልብ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሲጋራ ማቆም ራሱ የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን ማስተካከል ሊጠይቅ ይችላል፤ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን አንዱ ነው።

ዓላማዎ ማጨስ ማቆም ከሆነ በኩፓት ሆሊም በኩል የማቆሚያ ቡድኖች፣ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ እንዲሁም በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ *6800 ነው። ዕብራይስጥ ካስቸገረዎት ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ አብሮዎት ይደውል።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ
ፈሳሹ የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ሕፃናትን ይስባል፤ ጥቂቱን መዋጥ ግን ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ ያስቀምጡት። ሕፃን ከጠጣው እስኪያመው አይጠብቁ። የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል እዚሁ ሐይፋ፣ ራምባም ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በ04-7771900 ሌሊትም ቀንም ይመልሳል። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 101 ይደውሉ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ ከሆነ
አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። ለዘመድ ስጦታ ብለው አይያዙ። ወደ ሌላ አገር በአውሮፕላን ሲጓዙም በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይደረግም፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላልና።