አንድምታ የሌለው ሕግ

አንድ ቀን ጎንደር ከተማ ውስጥ ችሎት ገብቼ ተቀምጫለሁ። ዜና ልሠራ ነው የሄድኩት። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ፍርድ ተሰጠ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጋቢ የደረቡ የወገራ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ደብተሬን አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይኸ ብይን ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ ገና ነው» አሉኝ።

እኔ በጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ «የሚዲያ ሕግ» የሚባል ኮርስ ወስጄ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼ ነው። አፈርኩ። «አባባ፣ ሕግ ተምረዋል እንዴ?» ብላቸው፣ «ኧረ የት ብዬ! ተካስሼ ነው እንጂ» ብለው ሳቁ። ክርክሩ ሲቀጥል ዳኛው የሚሉትን ሁሉ በጆሮዬ ቀስ እያሉ ይፈቱልኝ ገቡ። ያን ቀን የጻፍኩት ዜና ስህተት ከሌለበት ምስጋናው የእሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሕግ ልማር ብዬ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጠየቅኩ (ስሙን ተዉት)። ሠራተኛዋ ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «የመጀመሪያ ዲግሪሽ የሕግ ካልሆነ አይቻልም» አለችኝ። ደንብ ነው፤ አልተጣላኋትም። ግን ከቢሮው ስወጣ አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሕግን መማር የሕግ ባለሙያ ብቻ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

በጎንደርስ እንዲህ አልነበረም። በዚች ከተማ ለብዙ ዘመን ከትምህርት ሁሉ ጫፍ ላይ ይገኙ ከነበሩት አንዱ የሕግ ትምህርት ነበር። የሚማሩት ደግሞ ዳኛ ወይም ጠበቃ ሊሆኑ የመጡ ሰዎች አልነበሩም።

መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ነው። የግብጹ ቅብጣዊ ሊቅ ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያጠናቀረው ሲሆን፣ ትውፊቱ እንደሚለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጴጥሮስ አብደ ሰይድ የሚባል ሰው ወደ ግእዝ መለሰው። 51 አንቀጽ አለው። 22ቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው፤ የቀረው 29 ደግሞ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ምስክርና ስለ ዳኛ ይናገራል። ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ የተቀዳ ብዙ ነገር አለበት። ከጎንደር በፊት በነበረው በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን (ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንፍራዝ ላይ የምታዩት የጉዛራ ግንብ ባለቤት ናቸው) ለፍርድ እንደዋለ ይታወቃል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የጴጥሮስ ትርጉም ጥሩ ትርጉም አልነበረም። ጣልያናዊው ሊቅ ኢግናዚዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጽሐፉን ወደ ጣልያንኛ ሲመልስ ከዐረብኛው ጋር አስተያይቶ፣ ተርጓሚው ያልገባውን ብዙ ቦታ አገኘ። እንግዲህ አስቡት። የውጭ አገር ሕግ ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ የተጻፈው ገበሬው በማይናገረው በግእዝ ነው፣ በዚያ ላይ ትርጉሙ ቋጠሮ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ መቅረት ነበረበት።

ያዳነው አንድምታ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ግእዙን አንድ ሐረግ ያነቡና በአማርኛ ይተረጉሙታል። ቀጥለው «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ፍቺ ይሰጣሉ። ደግሞ «አንድም» ይላሉ። በመካከል ታሪክ ይገባል፣ ምሳሌ ይገባል፣ የገበሬ በሬና የባልቴት ማሰሮ ይገባል። ቋንቋው ያደባባይ አማርኛ ነው፤ ሰው የሚያወራው። ላይ ቤት እና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች የታወቁት በዚሁ ነው፤ የታች ቤቱ አባት መምህር ኤስድሮስም ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚሁ ነው። ፍትሐ ነገሥት ከመጻሕፍተ ሊቃውንት ወገን ተቆጥሮ በጉባኤ ይተረጎም ነበር።

ወደዚያ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ ከዚያ መጻሕፍት ቤት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ዓመታት አልፈው ነው ተማሪው ፍትሐ ነገሥት ፊት የሚቀመጠው። ዛሬ ድኅረ ምረቃ የምንለው መሆኑ ነው። ከዚያ ሲወጣ ደብተራ ይሆናል፣ መምህር ይሆናል፣ መንኩሶ ገዳም ይገባል። ጥቂቱ ብቻ ነው ቤተ መንግሥት ተጠርቶ፣ መጽሐፉን ገልጦ፣ አንቀጹን ለችሎቱ የሚያነብ። ሌላው ግን ያወቀውን ሕግ ይዞ ወደ ደብሩ ይመለሳል። ጎረቤቱ ሲጣላ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ገበሬው የሚዳኘው በአብዛኛው በፍትሐ ነገሥት ሳይሆን በልማድ ነበር። የልማዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ዛፍ ሥር ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ ከሳሽና ተከሳሽ በግጥምና በቅኔ ይፋለማሉ። «ተጠየቅ» ይላል አንዱ፤ «ልጠየቅ» ይላል ሌላው። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ታስረው አብረው ይውላሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ይሰማል፣ ያደንቃል፣ ይተቻል። ሕፃኑም ቆሞ ይሰማል። መንገደኛውን እንኳ አስቁመው ዳኘን ይሉታል፤ አልችልም አይልም። «በሕግ አምላክ!» የሚለውን ማንም ሰው በማንም ላይ መጥራት ይችል ነበር፤ የተጠራበት ሰው ዱላውን ያወርዳል። ርስት የሚሟገት የወገራ ወይም የደምቢያ ገበሬም የትውልድ ሐረጉን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ መናገር ነበረበት። ይኼ የሕግ እውቀት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በንጉሡ ችሎት ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ከታች ነው። በማዕረግ ዝቅ ያለው መጀመሪያ ይናገራል፣ ከፍ ያለው ይከተላል፣ ንጉሡ መጨረሻ። ታናሹ የታላቁን አፍ ሳያይ እንዲፈርድ ይመስለኛል። ስንት የዛሬ ስብሰባ ይኼን ቢያውቅ!

አሁን አንባቢዬ «ቆይ፣ አንቺ ሴት ነሽ፤ ያንን ጉባኤ ማን ያስገባሽ ነበር?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። የጽላሎዋ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በየመንደሩ አይገኙም፤ ጉባኤው የወንድ ነበር። መጽሐፉ ባርነትንም የሚፈቅድ መጽሐፍ ነው። ናፍቆት አላበዛም። ግን አንድ ነገር አለ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ የመሬት ስጦታና የሽያጭ ውሎችን ለዓመታት ሲመረምር ኖሯል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእነዚያ ውሎች ውስጥ ሴቶች መሬት ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይሟገታሉ። ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ብቻ አይደሉም፤ ስማቸው ሌላ ቦታ የማይገኝ ሴቶችም አሉ። ጉባኤ ባይገቡም ውል ምን እንደሆነ፣ ምስክር ለምን እንደሚቆም፣ ለምን ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ እንደሚጻፍ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጣ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። የመጀመሪያውን ያረቀቁት የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሁለቱም በፈረንሳይኛ። የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 3347 በሕጉ የተሸፈነውን የልማድ ሕግ በሙሉ ሻረ። የወገራው ገበሬ ዛፍ ሥር ቆሞ የተማረው ሁሉ በአንድ ቁጥር ሄደ (በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፤ በተግባርማ ዛሬም ሽማግሌ ይቀመጣል)። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ለዳኞች፣ ለፖሊሶችና ለመንግሥት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ይሰጥ ነበርና በሩን ጭራሽ ዘጋ ማለት ግፍ ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ፣ በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ የተረጎሙትን ፍትሐ ነገሥት በእንግሊዝኛ አሳተመ። የታሪክ ቀልድ አትሉም? የድሮውን ሕግ ለሕግ ተማሪው ለማስረዳት እንግሊዝኛ አስፈለገ።

እኔን የቆጨኝ ሕጉ ከውጭ መምጣቱ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም ከውጭ ነው የመጣው፤ እሱም በትርጉም ነው የደረሰን። ልዩነቱ የመጀመሪያው ትርጉም አንድምታ ነበረው፣ ሁለተኛው የለውም። አዲሶቹን ሕጎች የሚያብራሩት ቀደምት መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጸሐፊዎቹ የውጭ አገር መምህራን ነበሩ፣ አንባቢያቸውም የሕግ ተማሪ። አንድ የጎንደር ነጋዴ የውል ሕግ ላንብብ ቢል አማርኛውን ከሱቅ ገዝቶ ያነበዋል። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ነገሩ ግን አይገባውም። «አንድም» የሚለው የለም።

ጋዜጠኛም እንደዚያው ነው። ሰሜን ጎንደር ሦስት ዞን ከመሆኑ በፊትም በኋላም የመሬትና የውርስ ክርክር የፍርድ ቤት የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚያ የምንዘግበው እኛ ነን፤ ብይንን ፍርድ የምንለውም እኛው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ፒያሳ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ገዛሁ፤ ጠርዙ የተቀደደ ነው። ማታ ማታ እርሳስ ይዤ አነባለሁ። ከቁጥር 1309 ጀምሮ «አላባ» ስለሚባል መብት ይናገራል። ንብረቱ የሌላ ሰው ሆኖ አንተ የምትጠቀምበት፣ ግን ሳታጠፋ የምትመልሰው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና አልገባኝም። ወገራ ላሉት ሽማግሌ ስልክ ደወልኩ።

«አላባ?» አሉ አባባ። ትንሽ ዝም አሉ። «ከማለብ ነዋ፣ ልጄ! ላሚቱ የሰው ናት፣ ወተቷ ያንቺ። አልበሽ ትጠጫለሽ፤ አታርጃትም።»

ኅዳጉ ላይ «አንድም» ብዬ ጀመርኩና ጻፍኩት።