ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከጅሬን ሥር ሆኜ ነው። ጅሬን ማለት ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የቆመበት ኮረብታ ነው። ንጉሡ ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከወዲሁ እወቁልኝ።) የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነው። አትሳቁ! ኮምፒውተርም ታሪክ አለው።

ኮምፒውተሩ የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ጋሼ አጋሮና ሊሙ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ተማሪዎቻቸው፣ ቡና ለቀማ ሲደርስ ግማሹ ባዶ ስለሚሆነው ክፍላቸው፣ ስላዩት መንግሥት ሁሉ 140 ገጽ ጽፈዋል። ሌላ ቅጂ የለውም። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ከፍላሽ በመጣ ቫይረስ ተያዘና አልነሳ አለ። ጥገና ቤት ወሰዱት። የተሰጣቸውን መልስ እናንተም ታውቁታላችሁ፦ «ፎርማት ይደረግ!»

ጋሼ ወደ እኛ ቤት መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ፎርማት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው።»

«የጻፍኩትስ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ተነስተን ኮምፒውተሩን ከጥገና ቤቱ አወጣነው።

ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ ሊነሳ ስለሚችል፣ የጋሼን ሃርድ ዲስክ ሳንነካ ከፍላሽ አስነስተን ፋይሎቻቸውን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያ በኋላ ነው ሊኑክሱን የጫንነው። ዊንዶውሱም ጎኑ ቀረ፤ የድሮው ፕሪንተራቸው ከእሱ ጋር እንጂ ከሌላ አይግባባምና። ቫይረሱ ወደሌላ እንዳይዛመት ግን ዊንዶውሱ ፍላሽ እንዳይነካ ተማማልን። «በቃ አለቀ» ብለን ቡና ተፈላ። አላለቀም! ችግሮቹ እንደ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ተራ በተራ መጡ። እኔም ከእነሱ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ብልሽት የምንለው ነገር አብዛኛው ብልሽት አይደለም፤ የሆነ ጊዜ ሌላ ቦታ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ካወቅነው መፍትሔው የት እንዳለ እናውቃለን።

እንግዳው ከየት መጣ?

ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ማንም ሰው የሚጠቀምበት፣ የሚያየውና የሚቀይረው ሶፍትዌር ለመሥራት ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥርዓቱን እምብርት ጽፎ ለቀቀ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ሆነ። በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱን አመጣ። ኡቡንቱ የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደማለት። የእኛዎቹ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንደሚሉት ማለት ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። በነፃ!

አቦል፦ መብራትና ሰዓት

ጅማ ውስጥ መብራት መጥፋት ዜና አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ እየጻፉ ሳለ ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ቆመ። ይሄን ያየ ሰው ሁሉ «ሞተ» ይላል፤ ቀጥሎም ያችው «ፎርማት» ትመጣለች።

አልሞተም። የሊኑክስ ፋይሎች የሚቀመጡበት የድሮው ስልት ኤክስት 2 ይባላል፤ በ1993 የወጣ ነው። መብራት በድንገት ከጠፋ ሲነሳ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመረምራል። ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። በ2001 ወደ ሊኑክስ እምብርት የገባው ኤክስት 3 ግን እንደ ባለሱቅ መዝገብ ያዘ፦ ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሠራል። መብራት ቢሄድ መዝገቡን አይቶ የጎደለውን ያስተካክላል። በ2008 የመጣው ኤክስት 4 ይህንኑ ቀጠለበት። እና ዛሬ ያ ጥቁር ስክሪን ሲመጣ ብዙ ጊዜ «መዝገቡ ብቻውን አልበቃኝም፤ አንድ ሰው ፈቅዶ ምርመራ ያስጀምርልኝ» ማለቱ ነው። የሚመረመረው የዲስኩ ክፍል ስም ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል፤ ኤፍ ኤስ ሲ ኬ የተባለውን የመመርመሪያ ትእዛዝ ከዚያ ስም ጋር መጻፍ ነው። ዲስኩ ራሱ የሚንቋቋ ከሆነ ግን መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መመርመር!

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። መዝገቡ የሚጠብቀው የዲስኩን ሥርዓት እንጂ ሴቭ ያላደረጋችሁትን ጽሑፍ አይደለም። ጋሼ ያን ቀን ሁለት አንቀጽ ከስረዋል። አሁን በየአምስት ደቂቃው ሴቭ ያደርጋሉ፤ እንደ ጸሎት።

ከዚያ ሰዓቱ ተምታታ። በሊኑክስ ትክክል የሆነው ሰዓት ወደ ዊንዶውስ ሲገቡ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይላል። ጋሼ «የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ የሚለየው በስድስት ነው፤ ይሄኛው በሦስት፤ መሀል ላይ ምን ይሠራል?» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኑክስ አባት የሆነው ዩኒክስ ለብዙ ተጠቃሚ የተሠራ ስለነበር ጊዜን በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ለየአገሩ የሚቀይረው ሲያሳይ ነው። አይቢኤም በ1984 ባወጣው ኮምፒውተር ላይ ባትሪ ያለው ሰዓት ሲገጠም ግን የማይክሮሶፍቱ ዶስ የአገሩን ሰዓት እንዳለ ጻፈበት፤ ዊንዶውስም ወረሰው። አዲስ አበባም ጅማም ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ሁለቱ በአንድ ማሽን ሲኖሩ ይህችው ሦስት ሰዓት ትወጣለች። መፍትሔው ለሊኑክሱ በአንድ መስመር ትእዛዝ «የውስጡን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት ቁጠረው» ማለት ብቻ ነው።

ቀኑ ራሱ ብዙ ዓመት ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋል። ያኔ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አይታመንም» እያሉ አይከፍቱላችሁም። ኔትወርኩን አትራገሙ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

ቶና፦ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝብ ኢንተርኔት የተጀመረው በ1997 ነው፤ በስልክ መስመር፣ በሞደም። በዚያው ሰሞን ፋብሪካዎች ሞደምን ለማርከስ ሲሉ የሞደሙን ግማሽ ሥራ ወደ ዊንዶውስ ፕሮግራም አዛወሩት። እነዚህን ሰዎች ዊንሞደም ይሏቸዋል። ሊኑክስ ላይ ሲሰኩ እንደ ድንጋይ ዝም ይላሉ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ሊኑክሱም ጤነኛ ነው፤ ግማሹ ዕቃ ግን በሳጥኑ ውስጥ የለም። የጎደለውን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ውኃ ለመቅዳት የሚሄድ ሰው እንስራውን ከወንዙ ማዶ አስቀምጦ እንደመጣ ማለት ነው።

ሞደሙ ታሪክ ሆነ፤ ነገሩ ግን ወደ ዋይፋይ ዞረ። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ሲነሱ ከፋብሪካው የሚመጣ ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ዴቢያንን የመሰሉ ቤቶች «ማንም ሊያየውና ሊቀይረው የማይችለውን ነገር በሲዲያችን አንጨምርም» ብለው በመርህ ጸኑ። የሚከበር አቋም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ነበር። በ2022 ድምፅ ሰጥተው ተለሳለሱ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ያን ፕሮግራም ይዞ መጣ።

የጋሼም ዋይፋይ አልሠራም። ምን አደረግን? ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሰክተን ከስልኩ ሴቲንግ ኢንተርኔት በገመድ ማካፈልን ከፈትን። ሊኑክስ ይህን ያለ ምንም ጭነት ያውቀዋል። የጎደለውን አውርደን ገመዱን ነቀልን።

ዘፈኑስ? ጋሼ የሰበሰቧቸው የአሊ ቢራ ኤምፒ3ዎች ድምፅ አልነበራቸውም። ይሄም የድሮ ውርስ ነው። ኤምፒ3 የፓተንት ባለቤቶች ስለነበሩት ብዙ የሊኑክስ ቤቶች ማጫወቻውን ለብቻው አውርዱ ይሉ ነበር። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር የፈቃድ ሽያጩን በ2017 አቆመ። ችግሩ እየቀለለ ነው፤ ኡቡንቱ ሲጫን ግን የሚዲያ ማጫወቻዎችን ልጨምር ወይ ብሎ የሚጠይቃትን ምልክት ኢንተርኔት ሳይኖረን ስለዘለልናት ነው ዝም ያለው። ተመልሰን ጨመርናት፤ አሊ ቢራ ዘፈነ።

በረካ፦ ፊደላችን

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ 140ው ገጽ።

ፋይሉን ከፈትነው። ፊደል የለም! የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የማይታወቅ ምልክት ተደባልቆ ይታያል። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ለዩልኝ። አማርኛው ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጫኑ፣ አለቀ። የላቲን ምስቅልቅል ከታየ ግን ጽሑፉ ራሱ የተጻፈው በድሮው ዘዴ ነው።

የድሮው ዘዴ ምንድን ነው? በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ለፊደል የሰጠው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ግማሹ በእንግሊዝኛ ተይዟል። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሰባት 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። አይገባም! ስለዚህ ሠሪዎቹ «ሀ»ን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ያልበቃውን በሁለተኛና በሦስተኛ ፎንት ከፈሉት። ብልሃት ነው፤ ያለ እሱ የዚያ ዘመን ጋዜጣና መጽሐፍ ባልታተመ ነበር። ግን እያንዳንዱ ድርጅት ወንበሩን በራሱ መንገድ ደለደለ። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ወንበሩ ብቻ ነው።

ለፊደላችን የራሱ ቦታ የተሰጠው በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ 3.0፣ ለ345 ምልክቶች። የዊንዶውስ ሰዎች ኒያላ የተባለውን ፎንት ከቪስታ ጋር ያመጡት በ2007 ነው። በነፃው ሶፍትዌር ሰፈር ግን ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ የሚጻፍበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት አበጁ፤ ዛሬም ሊኑክስ ላይ «ሰላም» ብለን የምንጽፍበት ዘዴ ስሙ ይኸው ነው። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ አማርኛን ያስገባው ደግሞ ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። የአማርኛን የወርና የቀን ስሞች ለሊኑክስ አዘጋጅቶ ያስገባው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ የአፋን ኦሮሞንም እንዲሁ።

አፋን ኦሮሞ ካልኩ አይቀር፣ ጅማ ላይ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቁቤ በ1991 ሥራ ላይ ሲውል የላቲን ፊደል ስለሆነ የትም ኮምፒውተር ላይ ሣጥን አልሆነም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፤ የፊደል አራሚው ሁሉን ቃል እንግሊዝኛ መስሎት በቀይ ያሰምርበታል። የጋሼ የልጅ ልጅ የቤት ሥራዋን ስትጽፍ ገጹ ሁሉ ቀይ ነው። ስህተቷ አይደለም! የገጹን ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ ቀይራ ስትጽፍ ቀዩ ጠፋ።

የጋሼ ጽሑፍስ? ከድሮው ዲስክ ውስጥ ፎንቶቹን ፈልገን ወደ ሊኑክሱ ገለበጥናቸው። እና ፊደሉ መጣ! ጋሼ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀየርነው። እባካችሁ ልብ በሉ፦ እንዲህ ያለውን ፋይል ከመቀየራችሁ በፊት ያለ ፎንት በተራ ጽሑፍ ሴቭ እንዳታደርጉት። የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፤ ያኔ ማንም አያድነውም።

ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ፎንቶቹም ከጽሑፉ ጋር ይሄዱ ነበር። ይሄ እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ማሽኑ ግን ሁሉን አልጨረሰም። አንዳንድ ዲቃላ ፊደላት ተሳስተዋል፣ አራት ነጥቡም አንዳንድ ቦታ ሌላ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ማታ ማታ እኔ አነባለሁ፣ ጋሼ ያርማሉ። አሁን 90ኛው ገጽ ላይ ነን። ቅጂውም ሦስት ቦታ አለ።

ማይክሮሶፍት በ2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይችሉ ብዙ ማሽኖች ወደ ሊኑክስ ይመጣሉ ብዬ እገምታለሁ። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ገልብጡ። ቀጥሎ ስክሪኑ የሚለውን አንብቡ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም ወረቀት ላይ ጻፉ። «ፎርማት» የምትለዋ ቃል የመጨረሻዋ ትሁን።

ጋሼ ቡና አስፈልተው እየጠሩኝ ነው። ቸር እንሰንብት!