ማገዶና መዲና፦ ከእንጦጦ እስከ ቸርችል ጎዳና



 ርእሱን ባስመዘገብሁ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ይህስ ለደን ትምህርት ክፍል ቢተው አይሻልም?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ቀልዱ አልከፋኝም። ነገር ግን ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ስንጽፍ ፍል ውሃውን፣ ቤተ መንግሥቱንና የሌጋሲዮኖቹን ይዞታ በዝርዝር እያነሣን፣ ምሳው በምን እንደበሰለ ሳንጠይቅ ማለፋችን የሙያችን ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። ሚኒሶታ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በጥር ወር ሐይቁ በረዶ ሲሆን፣ ከጓደኞቹ ጋር በበረዶው ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ቀዳዳ ሰርስሮ ዓሣ ያጠምዳል። በቅርቡ ለሁለት ቀን ጉዞ የሚያስፈልገውን የማሞቂያ ጋዝ ያሰላበትን ወረቀት ላከልኝ። ግማሽ ኪሎ የማትሞላው ትንሿ የፕሮፔን ጣሳ፣ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ ሲነድ ሁለት ሰዓት ተኩል አትሻገርም፤ 9 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ግን ሁለት ቀንና ሌሊት ያህል ይዘልቃል። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት መለወጡን ስለሚያቆም ለዚያ ብርድ አይሆንም፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። በወረቀቱ ግርጌ «የድንኳኑ መተንፈሻ አይዘጋ» የሚል ጽፎ አስምሮበታል። በተዘጋ ክፍል እሳት አቀጣጥሎ መተኛት ምን እንደሚያመጣ የእኛም አገር ብዙ ቤት በሐዘን ያውቀዋል።

በመልሴ አንድ ነገር ብቻ ጨመርሁለት፦ በ9 ኪሎ ፕሮፔን ውስጥ ያለው ሙቀት በ30 ኪሎ ግድም ደረቅ እንጨት ውስጥ ካለው ጋር ይስተካከላል። 30 ኪሎ ደግሞ አንዲት እናት ከእንጦጦ በጀርባዋ ይዛ የምትወርደው ሸክም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል።

ስንት ቀን እንቆያለን? ምን ያህል እናነዳለን? ማን ይሸከመዋል? የተማሪዬ ሦስት ጥያቄዎች ለነገሥታቶቻችን ሰፈር እንግዳ አልነበሩም። በዘመቻ ላይ ያለ ሠራዊት ማገዶ ይዞ አይጓዝም፤ በቅሎዋ ለጥይትና ለእህል ታስፈልጋለች። መልሱ የተገኘው በስንቅ አዘገጃጀት ነው። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ዳቦ ቆሎውም፣ ጭኮውም፣ ድርቆሹም እሳታቸውን ቤት ጨርሰው የሚወጡ ምግቦች ናቸው፤ ዘማቹ ውሃ ካገኘ ይበላል። በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጁ በተነገረ ጊዜም የዘመቻው ማገዶ ገና ከመነሻው፣ በየጓዳው ከምጣዱ ሥር ነደደ። በርግጥ በየሰፈሩም እሳት ይነድ ነበር፤ የመኳንንቱ ማድ ቤት አብሮ ይጓዛል፣ ጭራሮና ኩበትም ይለቀማል። ሆኖም የጉዞው ትልቁ የማገዶ ስሌት የተሠራው በሴቶች እጅ ነው። ስለ አድዋ ስንቅ ስናስተምር እህሉን እንቆጥራለን፤ እሳቱን አንቆጥርም።

በሶ ለዘማች ይሆናል፤ ለነዋሪ አይሆንም። አዲስ አበባ ደግሞ ሳትነሣ የቀረች የጦር ሰፈር ናት። ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው ቃል ያንን ይመሰክራል። ሰፈር ማለት የሰፈሩበት ነው፤ የሰፈረ ይነሣል። ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ወደ ሌላ ደን ይሄድ ነበር፤ እንጨቱን ወደ ሰው ከማምጣት ሰውን ወደ እንጨቱ መውሰድ ይቀላልና። ጂኦግራፈሩ ሮናልድ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ስለነዚህ ተዘዋዋሪ መዲናዎች ጽፏል።

የእንጦጦ ኑሮ ይህን ችግር በሁለት በኩል ያጠነክረው ነበር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ተራራ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ውሃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቶሎ የሚፈላ ውሃ ቶሎ የሚያበስል ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ባቄላውም ሥጋውም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ረዘም ያለ ጊዜ ተጨማሪ ፍልጥ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውሃው ሜዳ መውረዳቸው ብርዱን አቀለለው እንጂ የማገዶውን ጥያቄ አልፈታውም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንጨቱ ከከተማዋ እየራቀ ሄደ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ደን ወዳለበት ወደ ምዕራብ ተመልክተው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥራ ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መዲናዋም ባለችበት ቀረች።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት የሚል ነው። እኔ በዚህ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ዛፉ የገባው በ1880ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ለማስገባቱም በአብዛኛው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ይጠቀሳል። ባሕር ዛፍ ለማገዶ ለመድረስ ጥቂት ዓመታት ይበቁታል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቢሆንም የአዲስ ዓለም ሐሳብ በተነሣበት ሰዓት የተተከለው አንድን ከተማ ሊያሞቅ የሚችል አልነበረም። በመጀመሪያ መዲናዋን የያዛት ድንጋይ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥቱ ተሠርቷል፣ መኳንንቱ ግቢያቸውን አጥረዋል፣ ሌጋሲዮኖቹ ተተክለዋል፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ገበያም ሥር ሰዷል። ሰፈሩ ሊነሣ የማይችል ሆነ፤ ዛፉ የደረሰው ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው። የደረሰው ግን በደህና ጊዜ ነው፤ ኮረብታውን ከማልበሱም ሌላ ቅባት ያለው ቅጠሉ ለምጣድ የሚስማማ ነበልባል ሰጠ።

ሰው ወደ እንጨት መሄዱ ሲቀር እንጨት ወደ ሰው መምጣት ነበረበት፤ የሚያመጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አብሮ መጣ። ቀድሞ ገባሩ ለጌታው ከሚያደርሰው ግዴታ አንዱ ማገዶ ነበር። ኋላ አህያ አለ፣ ኋላም መኪና አለ፤ ነገር ግን ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ላይ ሁልጊዜ ያልጠፋችው የተሸከመች ሴት ናት። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሲሆን ደኑም አብሮ የመንግሥት ሆነ፤ ትናንት ቅጠል ጠርጋ ጭራሮ ለቅማ ያደረች ሴት ከጥበቃ የምትሸሸግ ሆነች። ልጅ ሳለሁ እነዚህን እናቶች ጎንበስ ብለው ሲያልፉ አይ ነበር፤ ፊታቸውን አላስታውስም፤ ሸክሙ ፊታቸውን ወደ መሬት ያዞረዋልና።

ቸርችል ጎዳናን በዚህ ዓይን እንድታዩት እጠይቃለሁ። በስሙ የሚታወሰው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ እኔ ግን የሁለት ማገዶዎች መገናኛ አድርጌ አየዋለሁ። ከለገሃር ወደ ላይ ስትመለከቱ ከማዘጋጃ ቤቱ በስተጀርባ የባሕር ዛፉ ተራራ ይታያል። ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ታች ስትመለከቱ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መስመር መጨረሻ ነበረ፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ሸቀጥ ይራገፍበት የነበረ። ላምባ ከባሕር፣ ፍልጥ ከተራራ። እኔ ያደግሁበት ቤት በሁለቱ መካከል ይኖር ነበር። እናቴ የላምባውን ጀሪካን በብርሃን ትይዝና ስንት እራት እንደቀረው በዓይኗ ትለካለች። ቢያንስ የሁለት ቀን ሲቀረው ጀሪካኑ ለእኔ ይሰጥና ወረፋ እላካለሁ። ሲያልቅ አትልከኝም ነበር፤ ባለቀ ቀን ወረፋ መያዝ ሳይበሉ ማደር እንደሆነ ታውቃለች። ከሎጂስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት ያገኘሁት ሁሉ በዚያ ጀሪካን ውስጥ ነበረ።

ዛሬ በከተማችን ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ይጋግራል። ምጣዱ 3,500 ዋት ግድም ይስባል፤ ተማሪዬ በድንኳኑ ከሚያነደው ማሞቂያ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ግን ከሰል ይወጣል። ከሰል ቀላልና ጭስ አልባ በመሆኑ ቆጣቢ ይመስላል፤ ነገር ግን በተለምዶ በአፈር ተቀብሮ ሲከስል ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል። ላቀች ምድጃና ምርጥ ምጣድ የተሠሩት የተረፈውን ለማዳን ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቸርችል ጎዳና ዳር ጀበና ቡና ከምትሸጥ ወጣት ዘንድ ተቀምጬ አንድ ጆንያ ከሰል ስንት ቀን እንደሚያቆያት ጠየቅኋት። በጣቷ እየቆጠረች፣ ጠዋቱን ለብቻ፣ ከሰዓቱን ለብቻ አስልታ ነገረችኝ። ሒሳቧን ስጽፍ አይታኝ አቋረጠችኝ፦ «ይሄ የበጋው ነው ጋሼ። ክረምት ሲገባ ከሰሉ ይረጥባል፤ ያኔ ሌላ ነው የምቆጥረው።»